ኮፈኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ

አባቴ ጎንደር ውስጥ የአንድ ነጋዴ ሹፌር ነበሩ። ይነዷት የነበረችው ትንሽ የጣሊያን ስሪት መኪና ነበረች። እስራኤል ከመጣን በኋላ ግን ከሃያ ዓመት በላይ የትምህርት ቤት ወለል ጠረጉ እንጂ መሪ አልጨበጡም። ጡረታ በወጡ በዓመቱ፣ እዚሁ ረሆቮት፣ ያችኑ ዓይነት አሮጌ መኪና በጭነት መኪና አስጭነው አምጥተው ከሕንፃችን ፊት አወረዷት። ቀለሟ ተልጦ፣ ወንበሯ ተቀዶ፣ ሞተሯ ዝጎ ነበር። እናቴ በመስኮት አየችና፣ «አሁን ይሄ መኪና ነው ወይስ የመኪና ሬሳ?» አለች።

መጠገኑ ሁለት ዓመት ፈጀብን። ወንድሞቼ ሩቅ ስለሚኖሩ ረዳታቸው እኔ ነበርኩ። የምሠራው በአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ ሽማግሌዎችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። ከዚያ ስመለስ አባቴ ከመኪናዋ ስር በጀርባቸው ተኝተው «መፍቻውን አቀብይኝ» ይሉኛል። እየሠሩ ያወራሉ። ሊማሊሞን በዝናብ እንዴት እንደሚወርዱት፣ ፍሬን አልይዝ ሲል መኪናውን ከተራራው ጋር አስጠግተው እንዴት እንዳቆሙት ይነግሩኛል። በሕይወቴ ሙሉ ያልሰማሁትን የአባቴን ወሬ የሰማሁት በእነዚያ ሁለት ዓመታት ነው።

መኪናዋ ፈቃድ ካገኘች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ እናቴና አባቴ አሽዶድ ያለችውን አክስቴን ሊጠይቁ ተነሱ። አባቴ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ፣ «ዘይቱንና ውሃውን እይልኝ» አሉኝ። ወረድኩና አየሁ። ሁሉም ሙሉ ነው።

የዚያች መኪና ኮፈን፣ የሞተሩ ክዳን ማለቴ ነው፣ ማጠፊያው በመስታወቱ በኩል ሆኖ የሚከፈተው ከፊት ነው። ሲዘጋ ሁለት ጊዜ ቀጭ ማለት አለበት፤ መጀመሪያ መንጠቆው፣ ከዚያ ዋናው መቀርቀሪያ። መንጠቆው ደግሞ ተበልቶ ስለነበር ብቻውን አይታመንም። የመጀመሪያውን ቀጭታ ሰማሁ። ልክ በዚያች ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። ከሥራ ቦታ ነበር፤ ሰው ቀርቷልና ቶሎ ነይ አሉኝ። «ቤሰደር፣ እሺ፣ መጣሁ» አልኩ፣ እጄን በጨርቅ ጠረግሁ፣ ሄድኩ። ሁለተኛውን ቀጭታ ሰምቼው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አንዲት አሮጊት ምሳ እያጎረስኩ ሳለ አባቴ ደወሉ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም ነበር። «እናትሽን… እናትሽን መስታወት…» ብለው መጨረስ አቃታቸው።

ከጎረቤታችን ከተማ ከቂርያት ዔቅሮን አልፈው ዋናው መንገድ ላይ ሲወጡ አንድ አውቶቡስ በአጠገባቸው በፍጥነት አለፈ። ነፋሱ ኮፈኑን ከስሩ ገብቶ ገለበጠው። ኮፈኑ ተነቅሎ የፊት መስታወቱን መታው፤ መስታወቱም ፈርሶ እናቴ ፊት ላይ ወረደ። አባቴ ምንም ሳያዩ ፍሬን ይዘው መኪናዋን ዳር ማውጣታቸውን በኋላ የመጣው ፖሊስ ራሱ አድንቋል። እሳቸው ግን ይህን ሲነግሯቸው አልሰሙም።

ሆስፒታል ስደርስ አባቴ ኮሪደር ላይ ቆመዋል። ሽበታቸው ውስጥ የመስታወት ፍርፋሪ ያብለጨልጫል። «እኔ ነኝ ያጠፋኋት» ይላሉ፣ ላገኙት ሁሉ፤ ለነርሷ፣ ለጽዳት ሠራተኛው፣ ለእኔ። «እኔ ነኝ ያጠፋኋት።» አፌን ከፈትኩ። ልነግራቸው ነበር። ከዚያ ሐኪሙ ወጣና የግራ ዓይኗን ለማትረፍ እንደሚሞክሩ ነገረን፤ እኔም ዝም አልኩ። በማግስቱም ዝም አልኩ። በሳምንቱ ዓይኗ ከእንግዲህ እንደማያይ ሲነግሩን አባቴ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጢጥ አሉ፤ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ አሁንም ዝም አልኩ።

መኪናዋን ጎትተው አምጥተው ከሕንፃችን ፊት አቆሟት። ሞተሯ ክፍት ነው፤ የተጨማደደው ኮፈን የኋላ ወንበር ላይ ተጥሏል። ላስቲክ አለበስኳት። አባቴ ደረጃው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ይቀመጣሉ። አይበሉም፣ አያወሩም። ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር ሲበሱ አየኋቸው። እኔ ሥራ ቦታ የሰው አባት አጎርሳለሁ፣ ቤቴ የገዛ አባቴ አፋቸውን አልከፍት ብለውኛል። ለምን እንደሆነ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ የማለቅስበት ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ የዓይኗን ፋሻ ስቀይርላት እጄን ያዘችኝ።

«መኪናዋን ሥሩ» አለችኝ።

«እማ፣ ዓይንሽን የወሰደች መኪና እኮ ናት።»

«ዓይኔማ ሄዷል። አሁን በቀረችኝ ዓይኔ እያየሁት አባትሽ ራሱ ሊሄድብኝ ነው። አስነሺው።»

ኮፈን መፈለግ ጀመርኩ። የመኪና ዕቃ ሻጮች ጋ ደወልኩ፣ አሮጌ መኪና የሚፈታቱባቸውን ግቢዎች በእረፍት ቀኔ ዞርኩ። እንዲህ ያለ ሞዴል ከየት ይምጣ? በመጨረሻ ሞሻቭ በሚባል የእርሻ መንደር የሚኖር አንድ ገበሬ ስልክ ላይ ሳቀና «አለኝ፣ ግን ዶሮዎቼ ስሩ ይተኛሉ» አለ። እውነቱን ነው፤ ኮፈኑን የዶሮ ቤት ጣሪያ አድርጎታል። ምትክ ቆርቆሮ ወሰድኩለትና በባልደረባዬ ቫን ጭኜ አመጣሁት። ኩሱን በሳሙና ፈተግሁ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ሞረድኩ።

«አባ፣ ኮፈን አግኝቻለሁ፤ ይውረዱና ያግዙኝ» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ብቻዬን ሞከርኩ። የጎማ መከለያዎቹ፣ ፓራፋንጎዎቹ ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ፣ ኮፈኑን በደረቴ ደግፌ አነሳሁት። አንዱን ማጠፊያ አስገባሁ ስል ሌላው ወጣ። እንደገና ሞከርኩ። ሦስተኛው ላይ ኮፈኑ ከእጄ አመለጠና መዳፌን ሰንጥቆ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ድምፁ ሰፈሩን ሞላው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ሰው ያየኛል ሳልል ጮኼ አለቀስኩ።

አባቴ በነጠላ ጫማ እየሮጡ ወረዱ። ደሙን አዩና መሐረባቸውን አውጥተው እጄን አሰሩት።

«ይሄ ለአንድ ሰው የሚነሳ ነገር ነው እንዴ?» አሉኝ።

ከስንት ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር። ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

«አባ፣ ያን ቀን ኮፈኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ። በደንብ አልዘጋሁትም። ስልክ አነሳሁ።»

መሐረቡን አጥብቀው ጨረሱ። «አውቃለሁ» አሉ። «ሌላ ማን ይዘጋዋል? ግን ሹፌሩ እኔ ነበርኩ። ሹፌር ከመነሳቱ በፊት ዞሮ ያያል፣ ኮፈኑን በእጁ ይጫናል። ጎንደር ሳለሁ ሳልጫን ተነስቼ አላውቅም። ያን ቀን እናትሽ አምራ ተቀምጣ፣ ጎረቤት እያየን፣ ኮራሁና ሳላይ ተነሳሁ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ምነው ታዲያ ዝም አልሽኝ? እዚያ ኮሪደር ላይ ብቻዬን ስቃጠል እያየሽኝ?»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም፤ ብቻ ጠየቁኝ።

ከዚያ «በዚያ በኩል ያዥ» አሉ።

ኮፈኑ የሌላ ዓመት ስሪት ስለነበር የብሎኖቹ ቀዳዳ ከማጠፊያው ጋር በጣት ያህል ተዛንፎ አልገጥም አለ። አባቴ ሁለት ቀን ሙሉ በክብ ሞረድ አሰፉት። ብሎኖቹን በእጅ ብቻ አስገባን፤ ሳናጠብቅ ኮፈኑን ቀስ ብለን አወረድነው። በግራ በኩል ክፍተቱ ሰፋ። አላላን፣ ገፋ አደረግን፣ እንደገና አወረድን። ልክ ሲመጣ አባቴ ብሎኖቹን በየተራ አጠበቁ። የተበላውን መንጠቆ በአዲስ ቀየሩት፤ የመቀርቀሪያውንም ምላስ ከፍና ዝቅ እያደረጉ አስተካከሉት። ቀጭ፣ ቀጭ። ይዘጋሉ፣ በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ይስቡታል፣ እንደገና ይከፍታሉ። ስንት ጊዜ እንዳደረጉት ቆጥሬ አልዘልቀውም። እሱም አልበቃቸውም፤ ቂርያት ዔቅሮን ያለ ጫማ ሰፊ ጋ ሄደው ሁለት ወፍራም የቆዳ ጠፍሮች ከነዘለበታቸው አሰፍተው መጡና ኮፈኑን በላዩ ላይ አሰሩት።

የፊት መስታወቱ በአዲስ ተተክቶ መኪናዋ እንደገና ከተመረመረች በኋላ እናቴ ለብሳ ወረደች። «ኋላ ተቀመጪ» ብላት እምቢ ብላ ፊት ገባች። እኔ ኋላ ተቀመጥኩ። አባቴ ቁልፉን ሊያስገቡ ሲሉ ቀዳዳውን ሳቱት።

«ያላ፣ በል ንዳ» አለች እናቴ።

በጣም በቀስታ ሄድን። ከኋላ ያሉት መኪናዎች ይጮኹብናል። እኔ በሁለቱ መሃል ያን ኮፈን ብቻ ነው የማየው፤ ዓይኔን ካነሳሁ የሚነሳ ይመስለኝ ነበር። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር የአባቴ ትከሻ ይሸማቀቃል። አራት ጊዜ ዳር አቁመው ወርደው በእጃቸው ተጫኑት። ቂርያት ዔቅሮን መግቢያ ደርሰን ተመለስን። ከሕንፃችን ፊት ሞተሩን አጥፍተው ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፉና አለቀሱ። እናቴ ልትነካቸው እጇን ዘረጋች። በአንድ ዓይን ርቀት መለካት ገና አልለመደችም ነበርና መጀመሪያ አየሩን ዳበሰች፤ ቆይታ ትከሻቸውን አገኘችው።

ይህ ከሆነ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። አባቴ በዚያው ምግብ ጀመሩ፤ መኪናዋንም አልፎ አልፎ ይነዷታል። እናቴ ግን ያን ጠዋት ኮፈኑን ማን እንደዘጋው አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። አባቴ ነግረዋት ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ አልነገርኳትም።