የጠማው ዓሣ

የጋምቤላ ሰው በመምህር እንየው ሲያፌዝ፣ "ባሮን የሚያህል ወንዝ አጠገቡ እያለ ዓሣ በአውሮፕላን ያመጣ!" ይላል። እውነቱን ነው። የኬሚስትሪ አስተማሪው እንየው ከአዲስ አበባ ሲመለስ፣ አውራ ጣት የሚያህል፣ ወገቡን በነጭ የታጠቀ ብርቱካናማ የባሕር ዓሣ ውሃ በሞላ ፌስታል ጭኑ ላይ ይዞ ነው የወረደው። ወንደላጤ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ካለው የመስታወት ገንዳ አስበልጦ የሚወደው ነገር የለውም።

ችግሩ፣ ይህ ሦስተኛው ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ በየተራ ገርጥተው ሞተውበታል፤ ጥፋቱንም በጋምቤላ ሙቀት ላይ አላከከ። ሙቀቱ የገንዳውን ውሃ በየቀኑ ያተነዋል፤ እሱም በየቀኑ ልዩ የባሕር ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ይጨምርበታል። ሦስተኛውም ሰሞኑን ምግብ መተው ጀምሯል። እንየው "ይህ ከሞተ ገንዳውን አውጥቼ እገላገላለሁ" ብሎ ምሏል፤ ሲምል ግን ሆዱ ባባ።

በዚህ መሃል ተማሪዎች እንዲፈትን ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ለአምስት ቀን ታዘዘ። ገበያ ላይ የዓሣ ሾርባ የምትሸጠውን ጎረቤቱን አጅዋንግን ለመናት። የጨው ውሃ የሞላባቸው አምስት ሃይላንዶች ደርድሮ፣ "ጠዋት ጠዋት አንድ። ከዚህ ሌላ ጠብታ እንዳትጨምሪ" አላት።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ።

"ቲቸር፣ ያንተን ውሃ ደፋሁ። ጨው በጣም ብዙ ነው። ዓሣው ጠማው። የኔን ውሃ..." ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ደጋግሞ ደወለ፤ እምቢ አለ። ለባሕር ዓሣ ጨው የሌለው ውሃ! አጅዋንግን በሆዱ ረገማት፤ አምኖ የሄደውን ራሱን ደግሞ ይበልጥ። ሁለት ቀን ሙሉ የፈተና ወረቀት ሲያድል የሚታየው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ የሚንሳፈፍ ዓሣ ብቻ ነበር። ፈተናው እንዳለቀ ከተማ ገባ፤ ባጃጅ ይዞ እየከነፈ ቤቱ ደረሰና ቀጥ ብሎ ወደ ገንዳው።

ዓሣው አለ። መኖር ብቻ አይደለም፤ ቀለሙ ተመልሶ፣ አጅዋንግ የምትበትንለትን ምግብ እየተወረወረ ይቀልባል። የእንየው አንጀት ቅቤ ጠጣ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

"ምን አደረግሽው?"

"ገንዳውን ቀመስኩ፤ መረረ" አለች አጅዋንግ። "እኔ ሾርባ ስሠራ፣ ሲፈላ ውሃ ይሄዳል። ጨው አይሄድም፤ ድስት ውስጥ ይቀራል። ሌላ ጨው ከጨመርኩ ማን ይበላል? ስለዚህ ከገንዳው ትንሽ ቀድቼ ደፋሁ፣ ከእንስራ ያደረ ውሃ ትንሽ ጨመርኩ። በየቀኑ እንደዚህ።"

እንየው ውሃ ሲተን ጨው ወደ ኋላ እንደሚቀር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ጽፏል። ቤቱ ሲገባ ግን በጨው ላይ ጨው ሲጨምር ኖሯል። "የተማረ ይግደለኝ" የሚባለው ለሰው ብቻ መስሎት ነበር፤ ለካ ለዓሣም ደርሷል። ሁለቱ ሟቾች አሳዘኑት፤ ይህኛው ተርፏልና ሳቁን ግን ሊይዘው አልቻለም። እየሳቀ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አጅዋንግ አቧራ የለበሰ ፊቱንና የደረቀ ከንፈሩን ትክ ብላ አየች። ወጣ ብላ ከእንስራዋ ጣሳ ሙሉ ቀድታ መጣች።

"አንተም ጠምቶሃል፣ ቲቸር። ጠጣ።"

እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨለጠው። ደገመችለት።