እሑድ የማይዘንብባት ሆመቾ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትሠራ ብቻዋን ሳቀች። እዚሁ ሆሳዕና በውኃ ሥራ ላይ ናት። ከጎረቤት አገር ሰዎች ጋር የዝናብና የወንዝ መረጃ ይለዋወጣሉ፤ የእኛ ወደ እነሱ ይሄዳል፣ የእነሱም ወደ እኛ ይመጣል። ያን ቀን የላኩላት ድሮ የሠራሁባት የትንሿ ከተማ፣ የሆመቾ የዝናብ መዝገብ ነበር። እኛ ዘንድ የጠፋው ቅጂ እነሱ ዘንድ ተቀምጦ ኖሯል።

«እማዬ፣ ስሚ እስቲ» አለችኝ። «ከግርጌው ምን እንደሚል። የእሑድ ተረኛው ቸልተኛ ስለነበረ የእሑድና የሰኞ ዝናብ ተደምሮ ይታይ። ምን ዓይነት ሰነፍ ሰውዬ ነው?»

ጎመን እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰነፍ የተባሉትንም ሰው አውቃቸዋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ሆመቾ የግብርና ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ሥራው ብዙ አልነበረም፤ የሚያደክመው ስብሰባው ነው። ከሥራዎቼ አንዱ ዝናብ መለካት ነበር። ግቢው ውስጥ በእንጨት አጥር መሃል አንድ የቆርቆሮ ዕቃ ቆሟል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውኃ መስመር ባለው ብርጭቆ ገልብጬ ቁጥሩን ቅጹ ላይ እጽፋለሁ። ወሩ ሲያልቅ አንዱ ቅጂ እኛ ጋ ይቀራል፤ ሌላው በጭነት መኪና ሆሳዕና፣ ከዚያም አዲስ አበባ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ወዲያ የት እንደሚደርስ አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ታሽጎ ነበር። እሑድ የምንጸልየው ከከተማው ሁለት ሰዓት ያህል ከሚያስኬድ ገደል ማዶ፣ እንሰት መሃል በተሠራች የአንዲት ባልቴት ቤት ነው። አብረን አንሄድም። አንዱ መቆፈሪያ ይይዛል፣ ሌላው ቅርጫት። እኔ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ እይዛለሁ፤ ዘመድ ጠያቂ እንድመስል። ጎህ ሲቀድ ወጥቼ ማምሻውን እመለሳለሁ። በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል። የምንዘምረው በሹክሹክታ ነበር። ከድካሜ የተነሣ አንዳንዴ ጸሎት መሃል እንቅልፍ ይወስደኛል። ጌታ ይህንንም ያውቃል።

ስለዚህ እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያው ጋ የለሁም። ቅጹ ደግሞ ባዶ አይተውም። እሑድ ላይ ዜሮ እጽፍና ሰኞ ላይ የሁለቱን ቀን ውኃ አንድ ላይ አሰፍራለሁ። ውኃው ያው ነው፣ የትም አልሄደም እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ሰንበትን ላክብር ብዬ በየሳምንቱ ውሸት እንደምጽፍ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ኃላፊያችን አቶ ኑረዲን ይባላሉ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ እዚያው ተወልደው ያደጉ ሙስሊም ነበሩ። አንድ ቀን ደብዳቤ ይዘው ጠሩኝ።

«ታደለች፣ ነይ ተቀመጪ። ከአዲስ አበባ ጥያቄ መጥቷል። ጠያቂው ግን ጎረቤት አገር ያለ ሰው ነው፤ ሐይቅ ያጠናል።»

«ሐይቁን ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ጋሼ?»

«የእኛ ዝናብ ነዋ የሚሞላው። እዚህ የዘነበው ጊቤ ይገባል፣ ጊቤ ከኦሞ ይገናኛል፣ ኦሞ ድንበር ላይ ካለው ሐይቅ ይገባል።» መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ። «ሰውዬው ምን ይላል መሰለሽ? ሆመቾ እሑድ እሑድ ለምን አይዘንብም?»

ደብዳቤውን አየሁት።

«እሑድ አርፎ ሰኞ በእጥፍ የሚሠራ ዝናብ! እንዲህ ያለ ሠራተኛ እኛ መሥሪያ ቤት የለም።»

መሳቅ አቃተኝ። «ጋሼ፣ እሑድ እኔ...»

«ተይ» አሉኝ። «የት እንደምትውይ አልጠየቅሁሽም። ካወቅሁ፣ ስጠየቅ መመለሴ አይቀርም። ብቻ ደብዳቤውን የወረዳው ካድሬም አይቶታል። ሐሙስ ይመጣል።»

እስከ ሐሙስ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። እኔ ከተናገርኩ የባልቴቷ ቤት ይታሸጋል፣ ባልቴቷም ይታሰራሉ። በሌላ መንደር እንዲሁ ሲጸልዩ ተይዘው የታሰሩ ነበሩ። ከዋሸሁ ደግሞ ውሸቴን በምን እንደምደግፈው አላውቅም። ጸለይኩ። የምናገረው ቃል ግን አልመጣልኝም።

ካድሬው ወጣት ነበር፤ ቦት ጫማው በጭቃ ተለውሷል። እሱም የደከመው ይመስል ነበር።

«ዝናባችንን ለምን ይፈልጉታል?» አለ።

«ጓድ፣ ውኃው ራሱ ድንበር ተሻግሯል» አሉ አቶ ኑረዲን። «እኛ የምንነግራቸው ስንት እንደነበረ ብቻ ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ፣ እሑድ እሑድ የት ነው የምትውይው?»

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እሷን ምን አገባት?» አሉ አቶ ኑረዲን። «እሑድ ተራው የእኔ ነው። የምተኛው እኔ ነኝ። የጠዋት ብርድ አይስማማኝም።»

«ውጭ አገር እስኪሰማ ድረስ ተኛህ?» አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ አላቸው።

«ተኛሁ።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ሠራተኛውና የገበሬ ማኅበሩ ፊት ቆመው ግለ ሂስ አደረጉ። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ቸልተኛ ነበርኩ» አሉ። ገበሬዎቹ አቀርቅረው ሰሙ። ታናሽ ወንድማቸውም እዚያው ተቀምጦ ነበር። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ቃሉን በእጄ ጻፍኩት። ለአዲስ አበባ የሄደውንም መልስ በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። የእሑድና የሰኞው ተደምሮ ይታይ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ የተረኛው ቸልተኝነት በምክንያትነት ይግባበት ያለው ግን ካድሬው ነው።

ቅዳሜ ከሥራ ስንወጣ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«የአጥሩን ቁልፍ ስጪኝ።»

«ለምን ጋሼ?»

«ነገ ተራዬ አይደል? ተራዬ ነው ብያለሁ። ውሸት ሆኖ አይቅር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆመቾን እስክለቅ ድረስ እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያው ጋ የሚቆሙት እሳቸው ነበሩ። ሰኞ ስገባ ወደ ግራ ያዘነበለ ቁጥራቸው ቅጹ ላይ ይጠብቀኛል። የት እንደምሄድ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። እኔም አላመሰገንኳቸውም፤ ላመስግን ካልኩ ለምን እንደሆነ መናገሬ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከቡላ የሚሠራውን የአገራችንን ምግብ፣ አተካና ሠርቼ፣ ቅቤውን አብዝቼ ወሰድኩላቸው።

«የምን ድግስ ነው?» አሉኝ።

«እንዲሁ ነው ጋሼ።»

ተቀብለው በሉ። ሌላ ነገር አልተባባልንም።

መሞታቸውን የሰማሁት ሆሳዕና ከገባሁ በኋላ፣ አራስ ሳለሁ ነው። ልቅሶ እንኳ አልደረስኩም።

ይህን ሁሉ ስነግራት ልጄ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽንም?» አለችኝ። መጀመሪያ ፍርሃት ነበር፣ በኋላ ድካም ሆነ፣ ከዚያ ዓመቱ ሄደ።

«የተጻፈው ይታረማል ወይ?» አልኳት።

«ለላኩልን ሰዎች እጽፋለሁ። ማስታወሻውን ያስተካክሉታል።»

«እንግዲያው ጻፊ። ዜሮዎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ታደለች። አቶ ኑረዲን ቸልተኛ አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ ያለው የእሑድ ዝናብ ሁሉ በእሳቸው እጅ የተለካ ነው።»

ከጻፈች በኋላ ቁጥሮቹን ወደ ታች ስታወርድ አንዱ ላይ ቆመች። «ይኸውልሽ፣ እሑድ። ሠላሳ አንድ ሚሊ ሜትር።»

የትኛው እሑድ እንደሆነ አላስታውስም። እንዲህ ያለ ከባድ ዝናብ ሲጥል ግን ምን እናደርግ እንደነበር አስታውሳለሁ። የእንሰቱ ቅጠል ሲደበደብ ድምፁ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ያን ጊዜ ብቻ ሳንፈራ፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንዘምር ነበር። እሳቸው ደግሞ ከገደሉ ወዲህ፣ በዚያው ዝናብ ውስጥ ብርጭቆውን ይዘው ቆመዋል።

«ላኪው» አልኳትና ወደ ጎመኔ ተመለስኩ።