ዋጋ አንጠራም

በእኔ ሙያ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ያስተማርኩትን ጥያቄ ዛሬ ሳነሳው ደሜ ይፈላል ብላቸው ይስቁብኛል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ «ይህ ወንዝ ንጹሕ እንዲሆን በወር ስንት ብር ለመክፈል ፈቃደኛ ነዎት?» ገበያ ላይ የማይሸጥ ነገር፣ አየር በሉት ደን በሉት ወንዝ፣ ዋጋው የሚታወቀው ሰውን በዚህ መንገድ በመጠየቅ ነው ይላል የአካባቢ ኢኮኖሚክስ። ሲያዩት ምንም ክፋት የለበትም። እኔም ክፋቱ የታየኝ ወንዙን ያላቆሸሹ ሰዎች ደጃፍ ቆሜ ከጠየቅኩ በኋላ ነው።

የማስተምረው ደሴ ነው፤ ቤቴም እዚያው፣ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር። ጥናቱ ግን ኮምቦልቻ፣ ከፋብሪካዎቹ በታች ወንዙን ተከትለው በሰፈሩ ቀበሌዎች ነበር። የቡድኑ መሪ አዲስ አበባ የሚያስተምሩ የቀድሞ አማካሪዬ ናቸው፤ የማስተርስ ጽሑፌን በቀይ እስክሪብቶ ያጠቡልኝ እሳቸው ናቸው። ፕሮጀክቱን ያመጡት እሳቸው፣ መጠይቁን ያዘጋጁት እሳቸው፣ ጭቃ እየረገጠች ሰው የምታነጋግረው ደግሞ እኔ። በዚህ አልተከፋሁም፤ ሥራው ደስ ይለኝ ነበር።

ወንዙን ለማያውቅ ልንገረው። ገበሬዎቹ ሽንኩርትና ቲማቲም ያጠጡበታል፣ ከብት ያጠጡበታል፣ ድሮ ልብስም ያጥቡበት ነበር። አሁን አንዳንድ ቀን አረፋ ደፍቆ፣ አንዳንድ ቀን ጠቁሮ ይወርዳል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፣ አፍንጫ ይበቃል። ጥናቱ የተፈለገው ለማጣሪያ ሥራው ገንዘብ ከማን ሊመጣ እንደሚችል ለማወቅ ነው ተባልኩ፤ እኔም «ከማን» የሚለውን ቃል ጆሮ ሳልሰጠው አለፍኩ።

በመጀመሪያው ቀን ከአራት መረጃ ሰብሳቢዎች ጋር በሚኒባስ ወረድን። ሁሉም የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ታብሌት ሰጥቻለሁ። የሐረጎን ቁልቁለት እየወረድን፣ ሹራባችንን እያወለቅን፣ ደንቡን ደጋግሜ ነገርኳቸው። ሰውን ለብቻው አነጋግሩ፣ ጎረቤት አይስማ፣ መልስ አታጉርሱ። የአንዱ መልስ በሌላው ከተነካ መረጃው ተበላሸ ማለት ነው። ይህንንም ከአማካሪዬ የተማርኩት ነው።

የመጀመሪያዋ ቤት ባለቤት ልጇ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። ስንት ፍየል እንዳላት፣ ውሃ ከየት እንደምትቀዳ፣ ማሳዋ ስንት ጥማድ እንደሆነ፣ የጠየቅኳትን ሁሉ ሳትሰለች መለሰችልኝ። ላሟ ሁለት ጊዜ እንደጨነገፈችባትም ነገረችኝ። በመጨረሻ ያንን ጥያቄ ሳነብላት ግን እጇን አጣጥፋ ፈገግ አለች።

«ዋጋ አንጠራም» አለች።

«ዜሮ ልበለው?»

«ኧረ ዜሮም አትበይው። ዋጋ አንጠራም ነው እምልሽ።»

ታብሌቱ ቁጥር ካልገባለት ወደሚቀጥለው ገጽ አያልፍም። ስለዚህ ዜሮ አስገባሁ። ሁለተኛው ቤት ስገባም «ዋጋ አንጠራም»፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ለምሳ ስንገናኝ አራቱም ልጆች ይዘው የመጡት ያንኑ መልስ ነው። አንዷ «መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ተመካክረውብናል» አለችኝ። እኔ ንዴቴ ቅርብ ነው፤ የአንድ ሳምንት ሥራዬ ገደል ሲገባ ታየኝ። ወደ ሴትዮዋ ተመልሼ ይህን ያስጠናቸው ማን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ማንም አላስጠናን፤ ምን እንደምትጠይቁ ቀበሌው ቀድሞ ነግሮን፣ ዱዓ አርገን ነው የተስማማን። ይልቅ አበጋሩን ጠይቂያቸው» ብላ ወደ መስኖው አመለከተችኝ።

አበጋር በወሎ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ደም የሚያደርቅ አባት ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ፊቱ ይቀመጣል። እኚህኛው በዕድሜ የገፉ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው፤ ስደርስ የቦዩን አፍ በዶማ ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ሰላምታ ስሰጣቸው ዶማውን ተደግፈው «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» አሉኝ። እኔ ለጠብ ተዘጋጅቼ ስለሄድኩ ትንሽ አፈርኩ።

ለምን ሰውን እንዳይመልስ እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው።

«መልሰናል እኮ» አሉ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስታርቅ ነው የኖርኩ። ሁለቱን ወገን አስቀምጬ፣ ካሳ ጥራ እምለው ማንን ይመስልሻል? የበደለውን ነው። የተበደለው ይሰማል፤ በቃኝ ይላል ወይ አልበቃኝም ይላል እንጂ፣ እሱ ብር አይጠራም። አሁን እናንተ መጣችሁና እኛን ጥሩ አላችሁን። እኛ ከጠራን፣ ወንዙን ያበላሸነው እኛ ነን ብለን ቃል ሰጠን ማለት ነው። ቄሱም ባሉበት መክረንበታል። ወላሂ አንጠራም።»

«ታዲያ ፋብሪካው ይዘጋ ነው የምትሉት?»

«ኧረ በአላህ! ልጆቻችን እንጀራ የሚበሉበት አይደል እንዴ? ውሃውን አጥቦ ይልቀቅልን ነው እምንል። ስንት ያስወጣዋል የሚለውን ሂዱና እሱን ጠይቁት።»

መብቱ የማን ነው፣ የሚከፍለው የተጎዳው ነው ወይስ ያጎደፈው፣ እኛ ምሁራኑ በስንት ምዕራፍ የምንጨቃጨቅበት ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ በኋላ ደግሞ ለአሠራር ይመቻል ብለን የተጎዳውን እንጠይቃለን። እኚህ ሰው ጭቃ ውስጥ ቆመው በጥቂት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ እንዲህ አጥርቼ አስረድቼው አላውቅም።

«ጻፊው» አሉኝ። ታብሌቱ ላይ የአስተያየት ሳጥን አለ፤ ቃላቸውን እንዳለ ጻፍኩት። አንብቢልኝ ሲሉኝ አነበብኩ። ቦይ የሚጠርጉትን ሰዎች ጠርተው እንደገና አስነበቡኝ፤ ሴትዮዋም መጥታ ቆማ ትሰማ ነበር። ስጨርስ ሁሉም አሚን አሉ።

«ሳይጎድል ይደርሳል?» አሉ አበጋሩ።

«ይደርሳል።»

«በማን እጅ?»

«በእኔ» አልኩ።

ሌሎቹ ቀበሌዎች ቁጥር ጠርተው ነበር፤ መረጃውን በላክሁ በሳምንቱ አማካሪዬ ደወሉ። ድምፃቸው ውስጥ አንዳች ቁጣ የለም፤ እንዲያውም ያዘኑልኝ ይመስሉ ነበር። «እነዚያ የተቃውሞ ዜሮዎች ናቸው፤ አውጪያቸው» አሉኝ።

የሙያው ደንብ ነው። ዜሮ ሁለት ዓይነት ነው ይላል መጽሐፉ። አንዱ እውነተኛ ዜሮ ነው፤ ሰውየው ድኻ ነው ወይም ወንዙ ግድ አይሰጠውም። ሌላው የተቃውሞ ዜሮ ነው፤ ወንዙን ይፈልገዋል፣ ጥያቄውን ግን አይቀበለውም። ይህ ሁለተኛው አማካዩን ስለሚያዛባ ከትንተና ይወጣል። እኔው ራሴ ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ፣ የሳተ ተማሪ ላይ ነጥብ ቀንሻለሁ። ያ ዜሮ አንድ ቀን ፊት ያለው ሰው ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ዶክተር፣ አንድ ሙሉ ቀበሌ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ቢሆንስ? ተነጋግረው የመለሱት መልስ ነው። ነፃ መልስ አይደለም።»

«በእነሱ ዘንድ ሰው የሚነጋገረው እኮ ነገሩ ትልቅ ሲሆን ነው።»

«ሳይንስ ነው የምንሠራው፣ ሽምግልና አይደለም» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ ለዘብ ብለው «የዕድገትሽንም ነገር አስቢ» አሉ። ለረዳት ፕሮፌሰርነት አንድ የታተመ ጽሑፍ ብቻ ይቀረኝ ነበር፤ ያንንም ያውቃሉ።

አወጣኋቸው። ማንም ጠመንጃ አልደገነብኝም። ደሴ ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀምጬ፣ ማኪያቶ አዝዤ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው ያደረግኩት። አንድን ቀበሌ ከኮምፒውተር ለማውጣት የሚጻፈው ትእዛዝ አንድ መስመር አይሞላም። ጫንኩት፣ ሰንጠረዡ አጠረ፣ ሞዴሉ ወዲያው አማረበት። ማኪያቶዬን ጨርሼ ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ።

አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ። የአበጋሩ ቃል በግርጌ ማስታወሻ ይግባልኝ አልኩ፣ አማካሪዬም እሺ አሉ። ሪፖርቱ ታትሞ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የገለጥኩት እሱን ገጽ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ጥያቄውን በአግባቡ ያልተረዱ አባወራዎች ከትንተናው ወጥተዋል።»

ያልተረዱ! ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ነገሩን የተረዳ ሰው ቢኖር እነሱ ነበሩ። እኔ አልተረዳሁም፣ አማካሪዬ አልተረዱም፣ ገንዘቡን የሰጡትም አልተረዱም። እምቢ ማለታቸውን ብንጽፍ እንኳ አንድ ነገር ነው፤ እኛ ግን እምቢታቸውን ወስደን ድንቁርና ብለን ሰየምነው። ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ወርውሬም ሲያበቃ የራሴን ስም ሽፋኑ ላይ፣ ከአማካሪዬ ስም ቀጥሎ አየሁት።

ውጤቱ ይፋ የሆነው ኮምቦልቻ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። ባነር ተሰቅሏል፣ እያንዳንዱ ተሰብሳቢ ፊት የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። አንድ ኃላፊ ተነሥተው «ማኅበረሰቡ ለወንዙ ንጽሕና ለመክፈል ፈቃደኛ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል» ሲሉ ተጨበጨበ። ስለዚህ ማጣሪያው የሚሠራው ከወንዙ ከሚጠቀም ከእያንዳንዱ አባወራ በየወሩ በሚሰበሰብ መዋጮ ነው አሉ፤ የቀበሌዎቹንም ስም ዘረዘሩ። ያወጣሁት ቀበሌ በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ከፋብሪካዎቹ የመጡት ሰዎች ማስታወሻ እየያዙ ራሳቸውን በመስማማት ይነቀንቁ ነበር። ስለ እነሱ ክፍያ የተነሣ ነገር የለም፣ ምክንያቱም እነሱን የጠየቀ የለም።

አበጋሩ የማኅበረሰብ ተወካይ ተብለው ተጠርተው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን አወጡ። «እኛ ዋጋ አንጠራም ብለን ቃል ሰጥተን ነበር። ቃላችን እምን ላይ ነው ያለው?» አሉ።

አማካሪዬ ማይክሮፎኑን ሳብ አድርገው «አባታችን፣ እሱ ትንሽ ቴክኒካል ጉዳይ ነው» ብለው ጀመሩ። ስለ ናሙና፣ ስለ አማካይ፣ ስለ ሞዴል ብዙ ተናገሩ። ሽማግሌው ሳያቋርጡ አዳመጡ። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ አንቺ አንብበሽልን አልነበር?» አሉኝ።

ተነሣሁ። «ቃላቸው ደርሶኛል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሪፖርቱ ጥያቄው አልገባቸውም ይላል፤ ውሸት ነው። ከእኛ ይልቅ እነሱ ገብቷቸዋል። ፈቃደኛ ነን አላሉም፤ ወንዙን ያቆሸሸ ያጥበው ነው ያሉት።»

የመድረኩ መሪ ሰዓታቸውን አዩ። «ጥሩ፣ ሐሳቡን እንደ ግብዓት ይዘነዋል፤ ወደ ሻይ ዕረፍት እንሂድ» አሉ፣ ሕዝቡም ወደ ብስኩቱ ተንቀሳቀሰ። አማካሪዬ በአጠገቤ ሲያልፉ አላዩኝም። እንዲጮኹብኝ ፈልጌ ነበር፤ እኔም እንድጮህ።

አበጋሩን በር ላይ ደረስኩባቸው። ይረግሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «አብሽሪ፣ ለኔ ነግረሽኛል» አሉ። «ያነበብሽው ግን ቦዩ ላይ ለነበሩትም ነበር። መጥተሽ በራስሽ አፍ ንገሪያቸው።»

ከመሄዴ በፊት ሪፖርቱ እንዲታረም ለአማካሪዬም፣ ለኃላፊውም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም። ቢያንስ አንድ ነገር ይዤ ልሂድ ብዬ ሳምንት ጠበቅኩ፤ ከዚያ ባዶ እጄን ከኮምቦልቻ ወደ ቀበሌው በባጃጅ ሄድኩ። በቦዩ አጠገብ ተሰብስበው ጠበቁኝ። ታብሌት አልያዝኩም። የሆነውን ሁሉ ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው፦ ቃላቸውን ማውጣቴን፣ ለምን እንዳወጣሁ፣ በምትኩ ምን እንደተጻፈ። አንድ ሰውዬ አስተግፍሩላህ ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ሌሎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

የመጀመሪያዋ ቤት ሴትዮ ግን እኔን እኔን ታይ ነበር።

«እንግዲያ ጥናቱ ውስጥ የለንም በይኛ?» አለች።

«የላችሁም።»

«ክፍያው ውስጥስ?»

«አላችሁ» አልኳት።