ገጽ ስልሳ ሦስት

ክብሩ የሚጠርዘውን አያነብም። በዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ባለችው የፎቶ ኮፒና የጥረዛ ቤት ሲሠራ ስለ ላም ወተት፣ ስለ ሐይቁ ዓሣ፣ ስለ በቆሎ ተምች የተጻፈ ስንትና ስንት የማስተርስ ጥናት በእጁ አልፏል። አንዱንም አላነበበም። ማንበብ ከጀመረ ተመራቂው ሁሉ በር ላይ ይሰለፍበታል። የዚያን ሐሙስ ጠዋት ግን ሳያስበው አነበበ፤ ያነበበውም ስለ ራሱ ነበር።

ጥናቱ የሊያ ነው። ሊያ ከሱስ የወጡ ወጣቶች ኑሯቸው ከፍ ይላል ወይስ ባለበት ይቀራል የሚለውን ስታጠና የከረመች ተማሪ ናት። አምስት ቅጂ እንዲጠረዝላት ሰጥታው ሄዳለች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ ጠርዙን ሲያስተካክል፣ ገጽ ስልሳ ሦስት ላይ ዐይኑ «ጠራዥ» በሚል የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ዐረፈ።

ተሳታፊ አራት ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ ወጣ። አሁን ጠራዥ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መሃል ኪቦርድ ይጫወታል፤ እጮኛ አለው። ስም የለውም። ባይኖረውስ? በሐዋሳ ከተማ እየጠረዘ ኪቦርድ የሚጫወት ሌላ ሰው ካለ፣ ክብሩ ራሱ ሄዶ ሊተዋወቀው ይፈልግ ነበር።

ያስደነገጠው ግን ከሥር ያለው ነው። «ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችና ለእጮኛው ካቆመ ሦስት ዓመት እንደሆነው ነግሯቸዋል። እውነቱ አሥራ አንድ ወር ነው። ያኔ ሲመለስበት አራት ቀን ጠፍቷል። ለእጮኛው ካርቶን ልገዛ ሻሸመኔ ሄጃለሁ ብሏት ነበር።» ለሊያ የነገራት የገዛ አፉ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ የባሰ አስቀያሚ ሆኗል።

እዚህ ላይ ሰውየውን ማማት ቀላል ነው፤ ግን ይቆየን። ክብሩ ጫት የጀመረው ዶርም ውስጥ ለፈተና ሌሊት ነው፤ ጓደኞቹም ሁሉ እንዲሁ ነው የጀመሩት። እነሱ ተመረቁ። እሱ ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር ጨብሲ ገባ፣ ከጨብሲ አረቄ፣ ከአረቄ ከግቢ መባረር፣ ከዚያ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለችው እናቱ ቤት ጓሮ። ከሦስት ዓመት በፊት አቆመ። የጥረዛ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ብርሃነሽ ቀጠሩት፣ መዘምራኑ ተቀበሉት፣ ሂሩት ወደደችው። በመሃል አራት ቀን ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁት ከመጀመሪያው ቀን ቆጥሮ መለሰ፤ አራቱን ቀን ዘለላቸው። አራት ቀን ምን አላት ብሎ ነው። እንደዚህ ያሉ ነገሮች ግን ሲዘለሉ ባሉበት አይቀሩም።

በእነሱ ቤተ ክርስቲያን የሚጋቡ ሰዎች ስም ሦስት እሁድ ይነበባል። ተቃውሞ ያለው ለቢሮ ያመለክታል። ሁለቱ እሁድ በሰላም አልፏል። ሦስተኛው የፊታችን እሁድ ነው። ይህ ጥናት ደግሞ ዛሬ የሚገባው ላይብረሪ ነው፤ ላይብረሪ ጥናት የሚረከቡት ሰው የሂሩት አባት አቶ አየለ ናቸው።

አቶ አየለ ዝም ብለው አይረከቡም። ጣታቸውን በስፖንጅ እያረጠቡ እያንዳንዱን ገጽ ይቆጥራሉ፣ እግረ መንገዳቸውንም እዚህም እዚያም ያነባሉ። ተማሪው ወንበር ላይ ሲቁነጠነጥ ቢውል ቅር አይላቸውም። ክብሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው የገባ ዕለት፣ አንዲት ገጽ የጎደለችውን ጥናት እንዴት እንደመለሱ ራት እስኪቀርብ ድረስ አጫውተውታል።

ጥፋቱ የሊያ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚቆጣው ሰው ያገኝ ነበር። እሷ ግን ከሁለት ወር በፊት ስለ እሱ የጻፈችውን አትማ አምጥታለት ነበር። «አንብበው፣ የማትፈልገውን ሰርዝ፣ ከዚያ ፈርምልኝ» አለችው። ፊቷ ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር ማንበብ ግን አላምንሽም ማለት መሰለው። ያንን ሁሉ ጉድ ስትሰማ ፊቷን ያላጠቆረች ልጅ ናት። ይሉኝታ ያዘውና፣ «ኧረ አንቺማ ምን ታጠፊያለሽ» ብሎ ፈረመ። ለመዋሸት ያልያዘው ይሉኝታ ለማንበብ ያዘው።

በሩን ገርበብ አደረገ። ከአምስቱም ቅጂ ገጽ ስልሳ ሦስትን መዘዘና ከኮላው ቆርቆሮ ሥር ሸጎጣቸው። የመጀመሪያውን ቅጂ ኮላ ቀባ፣ ማጥበቂያው ውስጥ አስገባ። ፈራ። የአቶ አየለ ጣት ታየው፤ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ አራት። ቢመልሱባት ሊያ ነገ የሚዘጋው የምረቃ ዝርዝር ያልፋታል። እሱ ለመዳን ሲል ደግሞ ሌላ ሰው ሊያጠፋ ነው። ይህን ዓይነት ሂሳብ ያውቀዋል፤ የድሮው ክብሩ ሂሳብ ነው።

ኮላው ሳይደርቅ ቅጂውን አወጣና ከኮላው አላቀቀው። የመዘዛቸውን አምስት ገጾች በየቦታቸው መለሰ።

ሊያ አምስት ሰዓት ላይ ስትመጣ አምስቱም ደርሰዋል። ክብሩ ገጹን ገልጦ አሳያት። «ይህንን የሚያነብ ሰው እኔ መሆኔን አያጣውም።»

ሊያ ደነገጠች። «አንብበህ ፈርመህልኝ ነበር እኮ።»

«ሳላነብ ነው የፈረምኩት።»

«ለምን?»

«ደስ አይልሽም ብዬ።»

ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «አማካሪዬን ልለምነውና ልቀይረው። ካልደረሰም በሚቀጥለው ዙር እመረቃለሁ» አለች። ከልቧ ነበር፤ ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

ክብሩ ያን ጊዜ ያለው ነገር ለራሱም ገረመው። «ብትቀይሪውም አሥራ አንድ ወሩ ሦስት ዓመት አይሆንልኝም። ላይብረሪ እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ።»

ላይብረሪው ሩቅ አይደለም፤ የዚያን ቀን ግን አላልቅ አለው። አቶ አየለ እንደ ልማዳቸው መነጽራቸውን አጥብቀው ጣታቸውን አረጠቡ። ክብሩ ቆሞ እየጠበቀ ከንፈራቸውን ያያል። ሃምሳ ሲደርሱ አብሯቸው መቁጠር ጀመረ። ስልሳ ሁለት ላይ ግን መጠበቅ አቃተው።

«ጋሼ፣ ስልሳ ሦስትን ያንብቡት። እኔ ነኝ።»

አቶ አየለ ቀና ብለው አዩትና አነበቡ። መልሰው ደግሞ አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እሁድ ተቃውሞ ያለው ሲባል ዝም እላለሁ ብዬ ቃል አልገባልህም» አሉት። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ክብሩ ግን ቢጮሁበት ይመርጥ ነበር። «ይህንን መንገር ያለብህ ግን ለእኔ አይደለም።» ስልካቸውን አንስተው ደወሉ። «ሂሩቴ፣ ለምሳ ስትወጪ እኔ ጋ ነይ። አዎ፣ ክብሩም አለ።»

ከዚያ፣ የሰውየው ነገር ይገርማል፣ ቆጠራውን ከስልሳ አራት ቀጠሉ።

ሂሩት መሃል ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከባጃጅ ወርዳ እየሮጠች ገባች፤ ሰው የሞተ መስሏት ነበር። አባቷ የተገለጠውን ጥናት ሰጧትና የቀሩትን አራት ቅጂዎች ይዘው ሌላ ክፍል ገቡ። ክብሩ መናገር ጀምሮ ነበር፤ እጇን አንስታ አስቆመችው።

«ላንብብ።»

እሷ ተቀምጣ ስታነብ እሱ ቆሞ ነበር። ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አስቀምጣለች። እንደ እሷ አድርጎ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው አይቶ አያውቅም። ስትጨርስ ጣቷን ከመስመሩ ላይ አላነሳችም።

«ሻሸመኔ ሄጃለሁ ያልከኝ፣ ጃንጥላ ይዤ መናኸሪያ የጠበቅኩህ ጊዜ ነው?»

«አዎ።»

«ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ማታ። የመጣውን መኪና ሁሉ መስኮቱን እያየሁ። የት ነበርክ?»

እዚህ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሊዋሽ ይችል ነበር። ወረቀቱ ላይ ቦታው አልተጻፈም። ሊያም ጠይቃው ነበር፤ ለእሷ እንኳ ዝም ነው ያላት። የሚያጋልጠው ማስረጃም ምስክርም የለም።

«ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው አረቄ ቤት፣ ፎቅ ላይ» አላት። «መስኮቱ ወደ አንቺ ነበር። አይቼሻለሁ። ጃንጥላሽን ንፋስ ሲገለብጠው፣ ስታስተካክዪው ሁሉ አይቻለሁ። ልወርድ ብዬ ሁለቴ ተነሣሁ፤ ሁለቴም ተመልሼ ተቀመጥኩ።»

ሂሩት ወደ ወረቀቱ ተመለሰች፤ የነገራትን ከላይ እስከ ታች ፈለገች።

«ይህ እዚህ የለም።»

«የለም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።»

ውጭ የምሳ ሰዓት ተማሪ ይንጫጫል፤ ከውስጥ ክፍል አቶ አየለ ማህተም ሲመቱ ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ አራት። ክብሩ መቀመጥ ፈራ። ሂሩት በመዳፏ ፊቷን ጠረገች። ሳታየው እጇን ዘረጋችና ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች።

«ቁጭ በል» አለችው። «አሁን ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ፤ አንድ ቀን እንዳትዘል።»