አያቴ ግድግዳችንን የመረገበት ሰሞን

ባለፈው ሰሞን ከወንድሜ ከይበልጣል ጋር የወላጆቻችንን ቤት የጓሮ ግድግዳ ልናድስ መሮና መዶሻ ይዘን የተሰነጣጠቀውን ልስን ስናራግፍ፣ ከሲሚንቶው ሥር አሮጌው ጭቃ ብቅ አለ። ይበልጣል አቧራው እንዲቀንስ ብሎ ውሃ ረጨት ሲያደርግበት፣ እርጥብ አፈርና የቦካ የጤፍ ጭድ የተቀላቀሉበት፣ ትንሽ የሚያስነጥስ፣ ትንሽ ደግሞ ደስ የሚል ሽታ ፊቴ ላይ መጣ። መሮውን አስቀምጬ ቆምኩ። ወንድሜ ፀሐይ የመታኝ መስሎት ማንጎው ሥር አረፍ በይ አለኝ። እሱ ያኔ ገና በእናቴ ጀርባ የሚታዘል ሕፃን ስለነበር፣ ያ ሽታ ለእሱ የጭቃ ሽታ ብቻ ነው። ለእኔ ግን አያቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጨንቻ ወደ ቤታችን የወረደበት ሰሞን ሽታ ነው።

አባቴ የጎጃም ሰው ነበር። የመምህርነት ምደባ አርባ ምንጭ ጣለው፤ ሙቀቱን እያማረረ፣ አንድ ዓመት ሠርቼ ዝውውር እጠይቃለሁ እያለ ሳለ፣ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር አክስቷ ዘንድ ሆና ትማር የነበረችውን እናቴን አየና ዝውውሩን ረሳው። የተጋቡት ሽማግሌ ሳይላክ ነው። ከተጋቡ በኋላ አባቴ የላካቸውን ሽማግሌዎች፣ የእናቴ አባት አብልቶ አጠጥቶ፣ ስለመጡበት ጉዳይ ግን አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሸኛቸው። ከዚያ ወዲያ እናቴ በየበዓሉ እኔን ይዛ ጨንቻ ትወጣለች፤ አያቴ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦኝ በጋምኛ ተረት ይነግረኛል፤ ስለ አባቴ ግን አይጠይቅም። በልጅነት አእምሮዬ፣ አባቴ ጨንቻ የማይወጣው ብርዱን ፈርቶ፣ አያቴም ሲቀላ የማይወርደው ሙቀቱን ጠልቶ ይመስለኝ ነበር።

የጓሯችን ግድግዳ ወደ አባያ ሐይቅ የዞረ ነው፤ ዝናቡም በዚያ በኩል ከነፋስ ጋር እየተገፋ ይመጣል። የዚያ ዓመት ዝናብ ጭቃውን እየላሰ፣ እየላሰ፣ የግድግዳው እንጨት እንደ ከሳ በሬ ጎድን አገጠጠ። የዝናቡን ሥራ ደግሞ ምስጡ ከሥር ያግዘው ነበር። ጠዋት ጠዋት በቀዳዳዎቹ የሚገባው ብርሃን አልጋዬ ላይ ሲሰመር እኔ በጣቴ እየተከተልኩ እጫወትበታለሁ፤ እናቴ ግን ሕፃኑን ነፋስ እንዳይመታው በአንሶላ ትጋርዳለች።

አባቴ ራሴ እሠራዋለሁ ብሎ ተነሳ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱሪውን ጠቅልሎ አፈር ቆፈረ፣ ጭድ በተነ፣ ረገጠ፤ ጭቃው እስኪቦካ መጠበቅ ግን አልሆነለትምና በማግሥቱ መረገው። ሲደርቅ በጣም ያምር ነበር። በሳምንቱ ምሳ እየበላን ሳለ ከጓሮ የከበደ ነገር ሲወድቅ ሰማን፤ ዶሮዎቹ እየጮሁ ተበተኑ፤ ወጥተን ስናይ ግድግዳው ልብሱን እንደጣለ ሰው ራቁቱን ቆሟል። አባቴ መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነበር። ሳቁ ግን አልቆየም። ሌላ ዝናብ መጥቶ የማዕዘኑ ምሰሶ ዘመም ሲል እናቴ ልጆቹን ይዤ ዝናቡ እስኪያልፍ ጨንቻ ልሂድ አለች። ይህን ያለችው በጣም ቀስ ብላ ነው። አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ፤ እናቴ አባቷ ቤት አንዴ ከገባች የምትመለስ አልመሰለውም፤ አሁን ሳስበው እሷም እርግጠኛ የነበረች አይመስለኝም።

በዚያው ሳምንት የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ ከጨንቻ ለገበያ ወርዶ ግድግዳችንን አይቶ ሄደ። ያየውንም ለአያቴ ሳይነግረው አልቀረም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመና አያቴ ቡሉኮውን እንደለበሰ፣ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በትልቁ አሳስሮ ወረደ። ቤት አልገባም። ቀርከሃውን ጎትቶ በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞረ። አባቴ እስከ ክርኑ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሌላ ሙከራ ላይ ነበር። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ። አባቴ እጁ ስላደፈ የእጁን አንጓ ዘረጋ፤ አያቴ ትንሽ አየው፣ ከዚያ አንጓውን ጨብጦ ያዘና ሳይለቅ ወደ ግድግዳው ዞረ።

አያቴ የሚናገረው ጋምኛ ብቻ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ከጋምኛ የሚያውቀው የገበያውን ያህል ነው። እናቴ ሕፃኑን አዝላ በመካከላቸው ቆማ ታስተረጉም ጀመር። እኔ ሁለቱንም ቋንቋ እሰማለሁና፣ ያን ቀን በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ የሚያስቅ ነገር ሰማሁ። አያቴ ግድግዳውን አይቶ፣ ይህ ሰው ቤትም የሚሠራው ሚስት እንዳገባው ነው፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ አለ። እናቴ ዓይኗን ሳታሽ፣ ጭቃው በደንብ ይቡካ፣ አትቸኩሉ ይላል ብላ ለአባቴ ነገረችው። አባቴ ተቆጥቶ፣ ምክር የሚሰጡኝ ከሆነ እስከ ዛሬ የት ነበሩ በያቸው አለ፤ እሷም በጋምኛ፣ እንኳን ደህና መጣህ፣ መንገዱ አድክሞህ ይሆናል ይላል አለችው። እንዲህ እያለ ቀኑ ሄደ። አያቴ እንደ ጨንቻ ቤት ውጪውን በሙሉ በቀርከሃ እሸምነዋለሁ ሲል፣ አባቴ የቆላው ምስጥ በልቶ ይጨርሰዋል ይላል፤ በመጨረሻ ከታች በኩል አባቴ ድንጋይ ሊደረድር፣ ከዚያ በላይ አያቴ ጭቃውን የሚይዝ ቀርከሃ በእንጨቱ መካከል ሊሸምን ተስማሙ። በእናቴ ትርጉም ግን ሲጀመርም ያልተስማሙበት ነገር አልነበረም።

ጭቃው እስኪቦካ አያቴ እኛ ዘንድ ሰነበተ። በምርጊቱ ቀን፣ ሥራው ተጋግሎ ሳለ፣ ጎረቤታችንን ምጥ ያዛትና እናቴ ተጠርታ ሮጠች። በሁለቱ መካከል እኔ ቀረሁ። የሚሰማው ጭቃው ግድግዳው ላይ ጧ ሲል ብቻ ነው። ከዚያ አያቴ እጁን ሳያሳርፍ ጠየቀ፤ እኔም ማለስለስ የሚባል ነገር ስለማላውቅ እንዳለ አቀበልኩት።

«ልጄን ስትወስድ ለምን አልጠየቅከኝም? ይልሃል።»

አባቴ በመዳፉ የያዘው ጭቃ በጣቶቹ መካከል ይንጠባጠብ ነበር። «ፈርቼ ነው በያቸው» አለ። «እምቢ ቢሉኝ በዚህ አገር ሌላ ሰው አልነበረኝም።»

ይህንንም በጋምኛ አልኩት። አያቴ አንድ ጭቃ ለጥፎ፣ በመዳፉ ወዲያና ወዲህ አሸው፣ እንደገና አሸው። ያበላሸሁ መስሎኝ እንባዬ መጣ። ከዚያ ወደ አባቴ ሳይዞር፣ ብትጠይቀኝ እምቢ እልህ ነበር አለ፤ አስከትሎም፣ ውሃ ጨምር፣ ጭቃው ደርቋል አለ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ተረጎምኩ። አባቴ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየሁት ድምፅ አውጥቶ ባልዲውን አንስቶ ወደ ቧንቧው ሄደ።

እናቴ ስትመለስ፣ ጎረቤታችን ሴት ልጅ ወልዳ፣ የእኛም ግድግዳ እስከ ጣሪያው ደርሶ ነበር። ሁለቱ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሙዝ ይበላሉ። አያቴ ከመሄዱ በፊት ቤቱን በጋምኛ ረጅም ምርቃት መረቀው፤ አባቴ በማይገባው ቦታ ሁሉ አሜን እያለ፣ አያቴም ትንፋሽ እስኪወስድ እየጠበቀው። በሚቀጥለው በዓል አባቴ ካፖርት ለብሶ፣ ከንፈሩ በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ ከእኛ ጋር ጨንቻ ወጣ።

ይህን ሁሉ ለይበልጣል በተራገፈው ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ስነግረው፣ እናታችን በረንዳው ላይ ወንበሯን አስወጥታ ትሰማ ኖሯል። ጆሮዋ ደከም ብሏል ብለን ነበር። ስጨርስ፣ «አባቴ እኮ አማርኛ ያውቅ ነበር» አለች።

ሁለታችንም ዞርን። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ወርዶ ለብዙ ዓመታት ሸማ ሲሠራ እንደኖረ፣ ከእሷ የተሻለ አማርኛ እንደነበረው፣ ነገር ግን ከእኛ ጋር ጋምኛ ብቻ መናገር እንደወደደ ነገረችን። ታዲያ ለምን ዝም አለ፣ የአባዬን ቁጣ ሁሉ ይሰማ ኖሯል ማለት ነው ስላት፣ አዎ፣ የእኔንም ውሸት ጭምር፣ አለችና ሳቀች።

«በቀጥታ ቢያወሩ ያን ቀን ይጣሉ ነበር። በእኔ በኩል ሲዞር ንዴቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ያንን አውቆ ነው።»

እኔ ያሰብኩት ግን ሌላ ነው። አያቴ የአባቴን «ፈርቼ ነው» ሁለት ጊዜ ሰምቶታል፤ መጀመሪያ ከራሱ ከአባቴ አፍ፣ ቀጥሎ ከእኔ። በመካከሉ ዝም ያለው እኔ ተርጉሜ እስክጨርስ ሊጠብቀኝ ነበር።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። አያቴ ጨንቻ፣ አባቴ እዚሁ፣ አገሬ ነው ባለው ምድር አርፈዋል። አሁን በዚህ ቤት፣ ጋምኛዬ የዛገብኝን እኔን ጨምሮ፣ ሁላችንም የምንናገረው አማርኛ ነው፤ ስንናደድ ቃላችን ማንም ሳያለዝበው በቀጥታ ይደርሳል፤ እናቴም ጋምኛ የሚያወራት ስታጣ ከዶሮዎቹ ጋር ታወራለች። ይህን ሳሰላስል ልቤ ይከብዳል። ሆኖም ልስኑን የሚይዘውን ሽቦ ግድግዳው ላይ መትተን፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ጠርዝ አስረዝመን፣ አዲሱን ልስን በራሳችን እጅ ጨርሰን ቀለም ስንጀምር፣ የይበልጣል ልጅ ሄርሜላ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ብሩሽ ያዘች፤ ከአያቷ ወንበር አጠገብ ሆና የግድግዳ፣ የውሃ፣ የእጅ ስም በጋምኛ እየጠየቀች ትቀባለች። አነጋገሯ እናቴን እስክታስል ያስቃታል። አንዱን ቃል ስታርማት፣ ሄርሜላ ተሳስታ ትደግማለች፣ እናቴ ታርማለች፣ እንደገና። የመጀመሪያው ቀለም አመሻሽ ላይ ደረቀ። ሁለተኛውን ነገ እንቀባለን።