በረዶ ውስጥ የቆየው ኩላሊቴ

ሌሊቱን አሰላን ውርጭ መትቷት አደረ። ዛሬ ጠዋት የጓሯችን ጎመን ነጭ ሆኖ ሳየው ግራ ጎኔን በእጄ ደገፍኩ። ብርድ በመጣ ቁጥር የማደርገው ነው፤ ሰው ሲያየኝ ያመመኝ ይመስለዋል።

ነገሩ የጀመረው የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከድር ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመው በማሽን ደሙን እያሳጠበ ይኖር ነበር። የእኔ ኩላሊት ይስማማዋል ተባለና ከእናታችን ጋር ሦስታችን አዲስ አበባ ሄድን። በመንገዳችን ኢተያ ላይ የደረሰው ስንዴ ሽታ በመኪናው መስኮት ይገባል። እናቴ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በእጇ እየቆነጠረች ታጎርሰኛለች፤ ከድር ብዙ ምግብ ተከልክሏልና ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሙ አስረዳን። «ኩላሊቱ ከእሷ ሲወጣ በቀዝቃዛ ፈሳሽ እናጥበዋለን። ወንድሟ ጋ እስኪገባ በረዶ መሀል ይቆያል። ከቀዘቀዘ ቶሎ አይጎዳም።»

እናቴ ብድግ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስንዴ ስትዘራ የኖረች ናት፤ ውርጭ እሸት ሲያቃጥል ስንቴ አልቅሳለች።

«ያ ረቢ! ዶክተርዬ፣ ብርድ የመታው ነገር መቼ ነፍስ ይዘራል? በዚህ ጋቢ ጠቅልላችሁ አሻግሩት።»

«ካሞቅነውማ ይሞትብናል፣ እማማ» አላት ሳቁን ዋጥ አድርጎ።

አላመነችውም። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈራሁ። የፈራሁት ቢላውን አልነበረም፤ ከእኔ ወጥቶ እሱ ጋ ሳይገባ የሚቆይበትን ጊዜ ነው። እዚያው መሀል ቢቀርስ?

ከቀዶ ጥገናው ስነቃ አፌ ደርቆ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ከድር ሸና?» ብዬ ነው።

«ገና ነው» አለችኝ ነርሷ። «አንዳንዴ ኩላሊቱ ለመንቃት ይዘገያል።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ብዬ ነበር፣ ውርጭ መታው» እያለች ታለቅሳለች። ለወንድሜ የሞተ ነገር የሰጠሁት መሰለኝ።

አመሻሹ ላይ ነርሷ እየሳቀች ተመለሰች። ሽንቱ በቱቦው መንጠባጠብ ጀምሯል! እናቴ እዚያው ወለሉ ላይ ግንባሯን ደፍታ ሱጁድ ወረደች። በሽንት እንዲህ የተደሰተ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም።

ከድር ዛሬ ኢተያ እህል ይነግዳል። እናቴ ስትደውልለት ገና ሰላም ሳትለው «ሸናህ?» ትላለች፤ ልጆቹ ፊት ያፍራል። እኔን ግን ስለ ጎኔ ጠይቃኝ አታውቅም።

ዛሬ ጠዋት ጓሮ ቆሜ አየችኝ። ያንኑ ጋቢ ይዛ መጣችና በግራ ጎኔ በኩል ደረበችልኝ።

«እዚህ ጋ ባዶ ነው» አለች ጥብቅ አድርጋ እየጠቀለለችኝ፤ «ብርድ ይገባበታል።»