ከማማው ላይ የተጠራው ስም

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ኅዳር ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው እስካሁን መልስ ያላገኘሁለት ጥያቄ ጥሎብኝ ስላለፈ ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ፤ ለምን እንደቀየርኩት ስታነቡት ይገባችኋል።

የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የሥነ ጽሑፍ መምህራችን አንድ የቤት ሥራ ሰጡን። አንድ ደራሲ ስለ አዲስ ሥራው ሲናገር ሰምተን፣ የታሪኩ ምንጭ ምን እንደሆነ በሁለት ገጽ መጻፍ ነበረብን። ጓደኞቼ ኢንተርኔት ላይ ቃለ መጠይቅ ሲፈልጉ፣ እኔ በሀገሬ በሸዋ ሮቢት ሁለት ደራስያን ቅዳሜ ከአንባቢዎች ጋር እንደሚወያዩ ሰማሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተሳፈርኩ። ደብረ ሲናን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ።

አዳራሹ ይሞቅ ነበር፤ ማራገቢያውም አይሠራም። ከፊት ተቀመጥኩ። የምጠይቀውን ጥያቄ አስቀድሜ ደብተሬ ላይ በንጹሕ ጽፌያለሁ። መጀመሪያ የተናገረው ደራሲ ወጣት ነበር። የልብ ወለዱን ሐሳብ ያገኘው ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሴቶች በአንድ ፍሪጅ ሲጣሉ ሰምቶ መሆኑን ነገረን። «መንገድ ላይ ባይወርዱብኝ ኖሮ ክፍል ሁለት ይኖረው ነበር» ሲል ሁላችንም ሳቅን።

ሁለተኛዋ ደራሲ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ ሴት ነበረች። አዲሱ ልብ ወለዷ ገና አልታተመም። ከረቂቁ አንድ ገጽ አነበበችልን። አንድ ገበሬ የማሽላ ማማ ላይ ቆሞ «ዘይነባ! ዘይነባ!» እያለ ይጣራል። የሚመልስለት የለም። ዘይነባ ከዓመታት በፊት ትታው የሄደች ፍቅረኛው ናት። እሱ ግን ማሽላው ባሸተ ቁጥር ማማው ላይ ወጥቶ ይጠራታል።

ወረቀቱን አጥፋ አስቀመጠች።

«ይህን ሰው በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለች ደራሲዋ። «የዛሬ ስድስት ዓመት ወደ ደሴ ስሄድ፣ እዚሁ ከከተማው ወጣ ብሎ የአውቶቡሳችን ጎማ ፈነዳ። ሁለት ሰዓት መንገድ ዳር ቆምን። ሰውየው ሁለት ሰዓት ሙሉ ስሟን ሲጠራ ሰማሁት። ይጠራል፣ ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ እንደገና ይጠራል።»

ሰውየውን አውቃቸዋለሁ። ጎረቤታችን ጋሽ አየለ ናቸው። እትዬ ዘይነባም የትም አልሄዱም። ማሳቸው ከጋሽ አየለ ማሳ ቀጥሎ ነው።

በእኛ አካባቢ ማሽላ ሲያሽት ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ይመጣል። ሰው ሁሉ በየማሳው ማማ ላይ ወጥቶ በጅራፍና በወንጭፍ ይከላከላል። መንጋው ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ ወደ ሌላው ሲሄድ፣ ያስነሣው ሰው የሚቀጥለውን ማሳ ጠባቂ በስሙ ይጠራዋል። «ወፍ መጣልህ» ብሎ መጨመር አያስፈልግም። ስም ከተጠራ ወፉ እየመጣ ነው ማለት ነው።

ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ ጓደኛቸውን በክርናቸው ነካ አደረጓቸው። «የሀሊማ እናት ዘይነባ ናት እኮ! ከጎኗ ያለው ማማ ደግሞ የአየለ ነው።»

«አየለና ዘይነባ? አንቺ! እኛ ተኝተናል!» አሉ ጓደኛቸው። ሁለቱም አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እትዬ ዘይነባ ባላቸው ከሞቱባቸው ቆይቷል። ልጃቸው ሀሊማ ኒካህ ልታስር የቀራት ሁለት ወር ነው። አዳራሽ ውስጥ የተሳቀበት ወሬ በመጽሐፍ ታትሞ ወደ አማቾቿ ጆሮ ከደረሰ ምን ሊባል እንደሚችል አሰብኩ።

ማይክራፎኑ እኔ ጋ ሲደርስ እውነቱን ልናገር ተነሣሁ። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ግን ድፍረቴ ከዳኝ። ደብተሬን አየሁና «የፈጠራ ምንጭዎ ምንድን ነው?» ብዬ ተቀመጥኩ። እሷ እኮ ነግራን መጨረሷ ነው! «የት ነበርሽ?» አለኝ ከኋላዬ አንድ ልጅ።

ሲበተን በር ላይ ጠበቅኳት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰውየው ፍቅረኛቸውን እየጠሩ አልነበረም» አልኳት።

«አንቺ በይኝ። ምን እያደረገ ነበር ታዲያ?»

«ወፍ እየጠበቁ ነበር።»

ስለ ግሪሳው አስረዳኋት። አየችኝና፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ ለወፍ አለቀስኩ በይኛ!» ብላ ሳቀች። ስለ ሀሊማ ኒካህ ስነግራት ግን ሳቋ ቆመ። ረቂቁ ማክሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል አለችኝ። ስሙን ቀይራ የምትሄድ መስሎኝ ነበር።

«ነገ ውሰጂኝ» አለችኝ።

እሁድ በባጃጅ ሄድን። ከመንገዱ ቀጥሎ የእኛ ማሳ ነው፤ ከዚያ የጋሽ አየለ፤ ከዚያ የእትዬ ዘይነባ። ጋሽ አየለ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ማማቸው ላይ ወጥተዋል። ከሩቅ ሰላም ብለናቸው አለፍን።

እትዬ ዘይነባ ማማ ሥር ደርሰን ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ፣ ከጋሽ አየለ ማማ «ዘይነባ!» የሚል ጥሪ መጣ። እትዬ ዘይነባ ብድግ አሉ። «አቤት! አየሁት!» ብለው መለሱና ጅራፋቸውን አጮኹ። መንጋው ከራሳችን በላይ ታጥፎ ሄደ። ደራሲዋ ዓይኗን ሳትነቅል ቆመች።

የመጣንበትን ነገር ስነግራቸው እትዬ ዘይነባ እስኪያስላቸው ሳቁ። በኋላ ግን ፊታቸው ኮስተር አለ።

«ቆይ፣ መጽሐፉ ላይ እኔ አልመለስኩለትም?»

«አልመለሱም» አለች ደራሲዋ። «መንገዱ ላይ ድምፅዎ አልተሰማኝም።»

«ነፋሱ ከመንገዱ ወደዚህ እየነፈሰ እንዴት ይሰማሻል? ወላሂ፣ አንድ ቀን ሳልመልስለት ቀርቼ አላውቅም! ሰው ሲጠራኝ ዝም የምል ልታደርጊኝ?»

«ስሙን እቀይረዋለሁ።»

«ስሙንማ ቀይሪው፣ ልጄን በሰላም ልዳራት። መመለሴን ግን ጻፊው።»

ደራሲዋ ማስታወሻዋን አውጥታ እዚያው ቆማ ጻፈች።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ማስታወሻዋን ደጋግማ አነበበች። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ደራሲ አርሜያለሁ ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኮርቻለሁ።

«አንቺም ወፍ ጠብቀሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ ድንገት።

«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ።»

«ወፉ ከጋሽ አየለ ማሳ ተነሥቶ ወደ እናንተ ሲመጣ በስምሽ ይጠሩሻል?»

«አዎ» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ምንም ትዝ አላለኝም። ጅራፋቸውን ሲያጮኹ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የእኔን ወይም የአባቴን ስም ሲጠሩ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁም።

«ነፋሱ ወደ እኛ ስለማይነፍስ፣ ድምፄ አይደርስም ብለው ይሆናል» አልኳት።

«እኔ ከእናንተ ማሳ አልፌ፣ መንገድ ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ እኮ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሣችውም።

የሀሊማ ኒካህ በሰላም ታሰረ። መጽሐፉም ታተመ። የሴትዮዋ ስም ሌላ ነው፤ ስትጠራም ትመልሳለች። ማማ ላይ ሆኖ የሚጠራት ሰው ግን እንደ ድሮው ይወዳታል። ያንን አልቀየረችውም።

የቤት ሥራዬን በጥንቃቄ ጽፌ አስገባሁ። መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ጥሩ ነው፤ የታሪኩ ምንጭ ምን እንደሆነ ግን ለይተሽ አልጻፍሽም» የሚል አስተያየት ሰጡኝ። ሌላ ጊዜ ነጥብ ሲቀነስብኝ በጣም አዝናለሁ። በዚህኛው አላዘንኩም፤ እኔም ለይቼ አላወቅኩትምና።

ባለፈው ዕረፍት አባቴን ጠየቅኩት። «እንጃ፣ አየለ ጠርቶን አያውቅም። እኔም ለምን ብዬው አላውቅም» አለኝ። ጋሽ አየለ ዘንድ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሄጄ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ትምህርቴ አውርተን ተመለስኩ። ማወቁን አሁንም እፈልጋለሁ። ጥያቄው ግን ከአፌ አልወጣ አለ፤ ሳልጠይቃቸው በመምጣቴም አልጸጸትም።